የፖስትዶክ ቦታ ፍለጋ ከሀ እስከ ፐ፦ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሳይንስ እና ኢንጂነሪንግ መስራት ለምትፈልጉ

ፒኤችዲያቸውን የጨረሱ ወይ ሊጨርሱ የተቃረቡ ልጆች በየጊዜው አንድ አይነት ጥያቄ ይልኩልኛል፣ "ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፖስትዶክ መስራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" የሚል። ፖስትዶክ ማለት ከፒኤችዲ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰራ የሪሰርች ስራ ነው። ለእያንዳንዱ በግል ስመልስ ሁሌ የሆነ ነገር ይቀራል፣ ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ላስቀምጠው፣ እናንተም ለጓደኞቻችሁ ላኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ለማስተርስ ስታመለክቱ የሚቀበላችሁ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ኮሚቴ አለ፣ ውጤት ይታያል፣ በቃ። ፖስትዶክ ላይ ግን የሚቀጥራችሁ አንድ ፕሮፌሰር ነው፣ እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት አለ፣ ፕሮጀክቱ ላይ ያልተፈታ ችግር አለ፣ ያንን ችግር ከነገ ጀምሮ ይዞ የሚሰራለት ሰው ነው የሚፈልገው። ከታች ያለው ስቴፕ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው። ማመልከቻችሁ "እኔ ጎበዝ ነኝ" ከሚል ይልቅ "ይሄንን ችግርህን በዚህ ዘዴ ልፈታው እችላለሁ" የሚል መሆን አለበት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለመጀመር ካሰባችሁበት ቀን ከ9 እስከ 12 ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ማስታወቂያ አይታችሁ ካገኛችሁ ሊያጥር ይችላል፣ ፌሎውሺፕ (በራሳችሁ ስም ተወዳድራችሁ የምታገኙት የሪሰርች ገንዘብ) ከሆነ ግን ከዚህም ሊረዝም ይችላል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሲቪ፣ 2 ገጽ ገደማ
- የፐብሊኬሽን ሊስት፣ የታተመው፣ ተቀባይነት አግኝቶ ያልወጣው እና ገና ሪቪው ላይ ያለው ለየብቻ ተለይቶ
- የፒኤችዲ ሰርተፍኬት፣ ገና ካልወጣ ደግሞ ዲፌንስ (የፒኤችዲ ስራችሁን ኮሚቴ ፊት ቀርባችሁ መከላከል) ማድረጋችሁን ወይም የዲፌንስ ቀናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ
- ሪሰርች ስቴትመንት (ያለፈውን ስራችሁን እና ወደፊት ልትሰሩት ያሰባችሁትን የሚገልጽ ጽሁፍ)፣ 1 ወይም 2 ገጽ
- ሪፈረንስ የሚሆኗችሁ 2 ወይም 3 ሰዎች፣ ቀድማችሁ ጠይቃችኋቸው እሺ ያሉ
- ከስራችሁ የምትኮሩባቸው 2 ፔፐሮች በፒዲኤፍ
- ኦርሲድ (ነጻ የሆነ ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ነው) እና የጸዳ የጎግል ስኮላር ፕሮፋይል
- ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ጊትሀብ ላይ ሌላ ሰው አውርዶ ሊያስኬደው የሚችል ቢያንስ አንድ ፕሮጀክት
- ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት
- አንድ ስፕሬድሺት፣ የፕሮፌሰሩ ስም፣ ላቡ (የሚመራው የሪሰርች ቡድን)፣ የጻፋችሁበት ቀን፣ የመጣው መልስ እና ዴድላይኑ የሚመዘገብበት

ስለ ስም አንድ ነገር። ፔፐር ላይ ያለው የስማችሁ ስፔሊንግ ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው የሚለይ ከሆነ ኦርሲድ ላይ ሁለቱንም አስገቡ፣ ተለዋጭ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው። እንደዛ ካላደረጋችሁ ስማችሁን ሰርች የሚያደርግ ሰው ግማሹን ስራችሁን ብቻ አይቶ ሊሄድ ይችላል።

1. ቀናችሁን ቁጠሩ

ይሄንን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን የትኛው በር ክፍት እንደሆነ የሚወስነው ይሄ ነው። ዲፌንስ ያደረጋችሁበትን ቀን እና ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ሁለቱንም ጻፉ፣ ምክንያቱም አንዱ ፈንድ ሰጪ ከዚህኛው ሌላው ከዛኛው ይቆጥራል። የጀርመኑ ሁምቦልት ሪሰርች ፌሎውሺፕ በፖስትዶክ ደረጃ ፒኤችዲ ከጨረሱ 4 አመት ያላለፋቸውን ይቀበላል። የጃፓኑ ጄኤስፒኤስ መደበኛ ፌሎውሺፕ ደግሞ 6 አመት ይላል። የአውሮፓ ህብረቱ ማሪ ስክዎዶቭስካ ኩሪ ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 አመት የሪሰርች ልምድ ያላቸውን ይወስዳል። በወሊድ፣ በህመም ወይም በመሳሰለው ያቋረጣችሁት ጊዜ ካለ ብዙዎቹ ላይ ከቁጥሩ ይቀነስላችኋል፣ ስለዚህ ማስረጃውን አትጣሉት።

ማሪ ኩሪ ላይ ሌላም ህግ አለ፣ ልትሄዱበት ባሰባችሁት አገር ውስጥ ከዴድላይኑ በፊት ባሉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መስራት አይፈቀድም። ፒኤችዲያችሁን የሰራችሁት እዛው አገር ከሆነ እና ገና ከጨረሳችሁ፣ በዚህ ፌሎውሺፕ እዛው መቆየት አትችሉም ማለት ነው፣ ሌላ አገር ያለ ላብ ግን ይሆናል። ህጎቹ በየጥሪው ስለሚሻሻሉ የዘንድሮውን ጥሪ ራሱን ከፍታችሁ አንብቡ።

2. በየትኛው መንገድ እንደምትገቡ ወስኑ

መንገዱ ሶስት ነው። አንደኛው ማስታወቂያ የወጣለት ቦታ ነው፣ ገንዘቡ አለ፣ ርዕሱ ተወስኗል፣ ውድድሩ ግልጽ ነው። ሁለተኛው የራሳችሁን ፌሎውሺፕ ይዛችሁ መሄድ ነው፣ ርዕሱን እናንተ ትጽፋላችሁ፣ ፕሮፌሰሩ አስተናጋጅ ይሆናል፣ ነጻነቱ ሰፊ ነው ግን ውድድሩ ከባድ ነው፣ ለምሳሌ በ2025 እ.ኤ.አ የማሪ ኩሪ ጥሪ ላይ ከ17 ሺህ በላይ ማመልከቻ ነው የገባው። ሶስተኛው ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት ፕሮፌሰሩ ጋር ቀድማችሁ መጻፍ ነው።

እኔ ሁሌ የምለው ሶስቱንም ጎን ለጎን አስኪዱ ነው፣ ግን ጉልበታችሁን ሶስተኛው ላይ አድርጉ። ምክንያቱም ከፕሮፌሰሩ ጋር አንዴ ከተነጋገራችሁ እሱ ራሱ ወደ አንደኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ይመራችኋል፣ "በሚቀጥለው ወር ማስታወቂያ እናወጣለን አመልክት" ይላል፣ ወይም "ገንዘብ የለኝም ግን አብረን ፌሎውሺፕ እንጻፍ" ይላል።

3. ላብ ፍለጋ፣ ገንዘቡ ያለበትን ተከተሉ

ለማስታወቂያ የሚታዩት የታወቁ ናቸው። የአውሮፓ ኮሚሽኑ ዩራክሰስ፣ ኔቸር ካሪርስ፣ የየዩኒቨርሲቲው የቅጥር ገጽ። ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲዎቹን አንድ በአንድ ከመፈለግ ህብረቶቻቸውን ተጠቀሙ፣ በጀርመን ቲዩ9 የሚባለው 9 የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎችን ይዟል፣ በኖርዲክ አገሮች ኖርዲክ ፋይቭ ቴክ የሚባለው አልቶን፣ ቻልመርስን፣ ዲቲዩን፣ ኬቲኤችን እና ኤንቲኤንዩን ይዟል። ከነዚህ ውጪ ኢቲኤች ዙሪክ፣ ኢፒኤፍኤል፣ ቲዩ ዴልፍት፣ ኤምአይቲ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። የምትፈልጉት የዩኒቨርሲቲ ስም ሳይሆን ላብ ስለሆነ ግን እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ።

ብዙ ሰው የማያየው ቦታ የፈንድ ሰጪዎቹ ዳታቤዝ ነው፣ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው። ኮርዲስ ላይ በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ የሚሰሩ ፕሮጀክቶች አሉ፣ ጌፕሪስ ላይ የጀርመኑ ዲኤፍጂ የሚደግፋቸው አሉ፣ የአሜሪካው ኤንኤስኤፍ አዋርድ ሰርች ደግሞ ፕሮጀክቱን፣ የሚመራውን ሰው፣ የገንዘቡን መጠን እና የሚጀምርበትን ቀን ሳይቀር ያሳያል። እንዲህ አድርጉ፣ የርዕሳችሁን 3 ወይም 4 ቁልፍ ቃላት አስገቡ፣ በመነሻ ቀን ደርድሩ፣ ከዛ ገና የጀመሩትን ወይም ሊጀምሩ ያሉትን ብቻ ያዙ። ለምን አትሉም፣ አዲስ ፕሮጀክት ላይ የሰው ሀይል በጀቱ አለ ግን ሰው ገና አልተቀጠረም፣ ሊያልቅ 1 አመት የቀረው ፕሮጀክት ላይ ግን ምንም ያህል ብትመጥኑ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አልቋል።

የአውሮፓ ሪሰርች ካውንስል ማለትም የኢአርሲ ግራንት ያሸነፉ ሰዎችም ስማቸው በይፋ ይወጣል። ስታርቲንግ ግራንት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ኮንሶሊዴተር እስከ 2 ሚሊዮን፣ አድቫንስድ እስከ 2.5 ሚሊዮን ለ5 አመት ነው፣ ከዚህ ገንዘብ ብዙው ለሰው ቅጥር ነው የሚውለው። ሊስቱ በወጣ ሰሞን የሚደርስ ጥሩ ኢሜይል በትክክለኛው ሰአት የደረሰ ኢሜይል ነው።

ጀርመን አካባቢ ደግሞ ይሄንን እወቁ፣ የኢንጂነሪንግ ዲፓርትመንቶች በቼር ነው የተደራጁት፣ አንድ ፕሮፌሰር ከስሩ በርካታ የግሩፕ ሊደሮች አሉት፣ የየእለቱን ስራ የሚመሩት እነሱ ናቸው። ለፕሮፌሰሩ ስትጽፉ የናንተን ርዕስ የሚመራውን ግሩፕ ሊደር ኮፒ ውስጥ አስገቡት፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው።

4. ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ

ለአንድ ላብ ቢያንስ 3 የቅርብ ፔፐር አንብቡ፣ አብስትራክቱን ብቻ አይደለም። ስታነቡ የምትፈልጉት ምን ዘዴ እንደሚጠቀሙ፣ መጨረሻ ላይ ምን አልተሳካልንም ወይም ምን ይቀራል እንዳሉ፣ እና የመጀመሪያው ጸሀፊ ማን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ለኢሜይላችሁ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ፕሮፌሰሩ ራሱ በጽሁፍ ያመነው ክፍተት ነው። ሶስተኛው ደግሞ ላቡ ውስጥ ማን እየወጣ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ አንድን ኢክዊፕመንት ሲሰራበት የነበረ ልጅ ዲፌንስ ካደረገ ያ እውቀት ከላቡ ሊወጣ ነው።

የቀድሞ አባላትንም ገጽ ክፈቱ። ፖስትዶኮቹ ስንት አመት ቆዩ፣ የመጀመሪያ ጸሀፊ የሆኑበት ፔፐር አላቸው ወይ፣ ከዛ ወዴት ሄዱ? ከቻላችሁ አንዱን የቀድሞ ፖስትዶክ በግል ጠይቁት፣ ፕሮፌሰሩ ድራፍት በስንት ጊዜ አንብቦ ይመልሳል፣ ከሰው ጋር ስንት ጊዜ ይገናኛል፣ የሚሉትን።

5. ኢሜይሉ

አጭር ይሁን፣ ከ200 ቃል አይለፍ። ቅርጹን ላሳያችሁ፣ ባትሪ ላይ የሚሰራ ሰው ቢሆን እንዲህ ይመስላል፣ በምትጽፉበት ቋንቋ እና በራሳችሁ ርዕስ አስተካክሉት፦

ርዕስ፦ የፖስትዶክ ጥያቄ፣ ሶሊድ ስቴት ባትሪ፣ የኢምፒዳንስ ልኬት፣ ከጥር ጀምሮ

ውድ ፕሮፌሰር እገሌ፣
በቅርቡ ያወጣችሁት ፔፐር ላይ በሊቲየሙ እና በሴራሚክ ኤሌክትሮላይቱ መሀል ያለው ሬዚስታንስ ከተደጋጋሚ ቻርጅ በኋላ የሚጨምረው ክፍተት ስለሚፈጠር ይሁን ወይስ አዲስ ሌየር ስለሚያድግ ገና መለየት እንዳልተቻለ ጽፋችኋል። እኔ በፒኤችዲዬ ባትሪው እየሰራ እያለ ኢምፒዳንሱን የምለካበት ሴታፕ ሰርቻለሁ፣ ሁለቱን በፍሪኩዌንሲ ለይቶ ለማየት ሊረዳ ይችላል ብዬ አስባለሁ፣ ዘዴው የተያያዘው ፔፐር 3ኛው ምስል ላይ አለ። ዲፌንሴ ኅዳር ላይ ነው፣ ከጥር ጀምሮ መስራት እችላለሁ። በዚህ ርዕስ ቦታ ካለ፣ ወይም አብረን ፌሎውሺፕ ለማመልከት ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ለ20 ደቂቃ ኦንላይን ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ሲቪዬ እና ሁለት ፔፐሮች በአንድ ፒዲኤፍ ተያይዘዋል።

ምን እንደተደረገ አስተውሉ። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ስለ እሱ ችግር ነው፣ ሁለተኛው ስለ እናንተ ዘዴ ነው፣ ማስረጃው የትኛው ምስል ላይ እንዳለ ሳይቀር ተነግሯል፣ ቀኑ አለ፣ የምትጠይቁት ነገር ትንሽ ነው። 20 ደቂቃ መነጋገር "ቅጠረኝ" ከማለት በጣም ይቀላል፣ እሺ ለማለትም አይከብድም። አያይዛችሁ የምትልኩት አንድ ፋይል ብቻ ይሁን፣ አምስት ፋይል የሚከፍት ሰው የለም፣ የፋይሉም ስም የናንተ ስም ይሁን።

መልስ ካልመጣ ከ2 ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ በዛው ኢሜይል ላይ፣ ሁለት መስመር ብቻ። ከዛ በኋላ ወደሚቀጥለው ላብ እለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ላሉ ፕሮፌሰሮች በሙሉ ተመሳሳይ ኢሜይል አትላኩ። እነዚህ ሰዎች አንድ ኮሪደር ላይ ነው የሚሰሩት፣ ምሳ ላይ ይነጋገራሉ፣ የጅምላ ኢሜይል መሆኑ በታወቀ ሰአት የሁሉም በር ነው የሚዘጋው።

6. ሲቪ እና ሪሰርች ስቴትመንት

ሲቪው ላይ የሰራችሁትን ነገር በግልጽ ጻፉ፣ "የባትሪ ማቴሪያል ሪሰርች ላይ ተሳትፌያለሁ" የሚለው ምንም አይነግርም። "ባለ 8 ቻናል የመለኪያ ሴታፕ ዲዛይን አድርጌ ገጥሜያለሁ፣ የዳታ ማንበቢያ ኮዱን በፓይተን ጽፌያለሁ፣ ላቡ አሁንም እየተጠቀመበት ነው" የሚለው ግን ፕሮፌሰሩ ላብ ውስጥ እናንተን አቁሞ እንዲያይ ያደርገዋል። ብዙ ጸሀፊ ያለው ፔፐር ካላችሁ የናንተ ድርሻ ምን እንደነበር በአንድ መስመር ከስሩ አስቀምጡ። የምትችሉትን ኢክዊፕመንት ስትዘረዝሩ ደግሞ ብቻችሁን ማንቀሳቀስ የምትችሉትን እና ሰው ሲያሰራላችሁ የነበረውን ለዩ፣ ኢንተርቪው ላይ መጠየቁ አይቀርም።

ስቴትመንቱ ላይ ግማሽ ገጽ ያለፈው ስራችሁ፣ የቀረው ወደፊት ልትሰሩት ያሰባችሁት ይሁን። የወደፊቱ ለዛ ላብ ተብሎ የተጻፈ መሆን አለበት፣ የላቡን ስም በሌላ ላብ ስም ቀይራችሁት ጽሁፉ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ላይ ምን እንደምትሰሩ እና ካልሰራ በምን እንደምትተኩት አስገቡ፣ ይሄ ሪሰርች የሰራ ሰው መሆናችሁን ከምንም በላይ ያሳያል።

7. ሪፈረንስ

የፒኤችዲ ሱፐርቫይዘራችሁ ከሪፈረንሶቹ መሀል ከሌለ ጥያቄ ያስነሳል። ችግር ካለ፣ ግንኙነታችሁ ጥሩ ካልሆነ፣ ቢያንስ የኮሚቴ አባል እና አብሯችሁ ፔፐር የጻፈ ሰው ያዙ፣ ሲጠይቋችሁም በአጭሩ እና በረጋ መንፈስ መልሱ። ለሪፈረንሶቻችሁ ሲቪያችሁን፣ ማስታወቂያውን፣ ዴድላይኑን እና "ይሄን ይሄን ብታነሳልኝ" የምትሉትን 3 ነጥብ ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት ላኩላቸው። ብዙ የማመልከቻ ሲስተም ሰብሚት ስታደርጉ ወይም ስማቸውን ስታስገቡ ወዲያው ሊንክ ለነሱ ይልካል፣ ስፓም ውስጥም ይገባል፣ ስለዚህ በዛው ቀን ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ እንደደረሳቸው አረጋግጡ። ደብዳቤ ያልገባለት ማመልከቻ ብዙ ቦታ ሳይነበብ ነው የሚወድቀው።

8. ፌሎውሺፕ የምትጽፉ ከሆነ

ማሪ ኩሪን እንደ ምሳሌ ልውሰደው፣ ሌሎቹም አካሄዳቸው ይቀራረባል። ዴድላይኑ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ነው፣ ውጤቱ በሚቀጥለው አመት ፌብሯሪ አካባቢ ይወጣል፣ ስለዚህ ዛሬ ጽፋችሁ ነገ የምትሄዱበት አይደለም፣ እስከዛ የምትቆዩበት ነገር ሊኖራችሁ ይገባል። ከአስተናጋጁ ፕሮፌሰር ጋር እስከ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ድረስ ተስማምታችሁ ጨርሱ፣ ምክንያቱም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የውስጥ ማጣሪያ እና ለአመልካቾች የሚሰጡት ስልጠና ያላቸው ከዋናው ዴድላይን ወራት ቀድሞ ነው።

ነጥቡ እንዲህ ነው የሚከፋፈለው፣ ኤክሰለንስ (የሳይንሱ ጥራት) 50 ፐርሰንት፣ ኢምፓክት (የሚያመጣው ለውጥ) 30፣ ኢምፕሊሜንቴሽን (የስራ እቅዱ) 20። ሰው ሁሉ ሳይንሱ ላይ ጊዜውን ጨርሶ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በአንድ ሌሊት ይሞላቸዋል፣ ግማሹ ነጥብ ግን እዛ ነው ያለው። ኢምፓክት ላይ ይሄ ፌሎውሺፕ እናንተን ከምን ወደ ምን እንደሚያሻግራችሁ፣ ኢምፕሊሜንቴሽን ላይ ስራውን በወር በወር ከፋፍላችሁ፣ የትኛው ቦታ ሊበላሽ እንደሚችል እና ያኔ ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። 85 ፐርሰንት እና ከዛ በላይ አግኝታችሁ ገንዘቡ ካልደረሳችሁ ሲል ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባል ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል፣ አንዳንድ አገሮች እና ዩኒቨርሲቲዎች በሱ መሰረት ከራሳቸው ገንዘብ ይቀጥራሉ፣ አስተናጋጃችሁን ጠይቁ።

ሴፕቴምበር ያለፋችሁ ሰዎች ሁምቦልትን እዩ፣ መቼ እንደሚቀበል ግን የራሱ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

9. ኢንተርቪው

ብዙ ጊዜ የ20 ወይም 30 ደቂቃ ፕረዘንቴሽን አለ፣ ከዛ ጥያቄ። ስላይዱ የፒኤችዲ ዲፌንሳችሁ ስላይድ እንዳይሆን፣ አንድ ወይም ሁለት ውጤት ብቻ መርጣችሁ በደንብ አስረዱ፣ የመጨረሻው 5 ደቂቃ "እዚህ ላብ ብመጣ ይሄንን ነው የምሰራው" ይሁን። ግራፍ ስታሳዩ መጀመሪያ አክሲሶቹን አስረዱ፣ ኤረር ባሩ ምን እንደሆነ እና ልኬቱ ስንት ጊዜ እንደተደገመ ሳትጠየቁ ተናገሩ፣ የኢንጂነሪንግ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ሁሌ የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ያልሰራላችሁ ኤክስፐሪመንት ምን ነበር፣ እንዴት አወቃችሁ፣ ምን አደረጋችሁ? የማስተርስ ተማሪ ብትመሩ እንዴት ታስጀምሩታላችሁ? ከ3 አመት በኋላ የት መሆን ትፈልጋላችሁ? የማታውቁትን ነገር ሲጠይቋችሁ "አላውቅም፣ ግን በዚህ መንገድ ነበር የማጣራው" በሉ፣ ግምት አትደርድሩ፣ አብረዋችሁ መስራት ይችሉ እንደሆነ የሚፈትኗችሁ እዚህ ጋ ነው።

10. ኦፈር ሲመጣ

ደስታው እንዳለ ሆኖ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን በጽሁፍ ጠይቁ፦

- ኮንትራቱ ለስንት ጊዜ ነው፣ 1 አመት ከሆነ የሚታደሰው በምን ሁኔታ ነው፣ ገንዘቡስ እስከ መቼ አለ?
- ደመወዝ ነው ወይስ ስታይፔንድ? ቅጥር ከሆነ ጡረታ፣ የጤና ኢንሹራንስ እና ፈቃድ አብሮ ይመጣል፣ ስታይፔንድ ላይ ግን እነዚህን ራሳችሁ ልትሸፍኑ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ መስሎ ታይቶ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሊያንስ ይችላል።
- ጀርመን ከሆነ ማስታወቂያው ላይ ኢ13 ቲቪኤል የሚል ታያላችሁ፣ የመንግስት የደመወዝ ስኬል ነው፣ ሰንጠረዡ በይፋ አለ። የልምድ አመታችሁ የትኛው እርከን ላይ እንደሚያስቀምጣችሁ ከመፈረም በፊት ተነጋገሩ፣ ከዛ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል። ፐርሰንቱንም እዩ፣ 100 እና 75 አንድ አይደለም።
- የማስተማር ግዴታ አለ ወይ፣ በሳምንት ስንት ሰአት?
- ፕሮጀክቱ ላይ ካምፓኒ አለበት ወይ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ላይ በጣም ወሳኝ ነች። ብዙ የኢንጂነሪንግ ላብ ከኢንዱስትሪ ጋር ነው የሚሰራው፣ ጥሩ ጎን አለው፣ ግን ውሉ ላይ ፔፐር ከመውጣቱ በፊት ካምፓኒው አይቶ መፍቀድ አለበት የሚል ወይም ፓተንት እስኪገባ ይቆይ የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ከ2 አመት በኋላ ለሚቀጥለው ስራ ስታመለክቱ የምታሳዩት ፔፐር ነው፣ ስለዚህ ምን ያህል ጊዜ ሊያዘገየው እንደሚችል አሁን እወቁ፣ ከተቻለ ደግሞ በነጻነት ፐብሊሽ የምታደርጉት ሁለተኛ ርዕስ ጎን ለጎን እንዲኖራችሁ ተነጋገሩ።

11. ቪዛ እና ወረቀት

ኦፈሩን እንዳገኛችሁ በዛው ሳምንት ጀምሩ። ብዙ የአውሮፓ ህብረት አገሮች ለተመራማሪ የተለየ ቪዛ አላቸው፣ ለሱ ከዩኒቨርሲቲው ሆስቲንግ አግሪመንት የሚባል ወረቀት ያስፈልጋል፣ የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ኢንተርናሽናል ኦፊስ ስለሆነ በቀጥታ ለነሱ ጻፉ። አሜሪካ ለፖስትዶክ በብዛት የሚሰጠው ጄ1 የሚባል ቪዛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ዲኤስ2019 የሚባል ፎርም ይልክላችኋል። ጄ1 ላይ ልብ በሉ፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ፕሮግራሙን ሲጨርስ 2 አመት ወደ አገሩ ተመልሶ መቆየት አለበት የሚል ግዴታ አለበት፣ ያንን ሳይፈጽም ወይም ሳይነሳለት እንደ ኤች1ቢ ወዳለ የስራ ቪዛ ወይም ወደ ግሪን ካርድ መቀየር አይችልም። እናንተን ይመለከት እንደሆነ ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

እንግሊዝ ከሆነ እና ርዕሳችሁ ሴንሲቲቭ የሚባሉ ቴክኖሎጂዎች ውስጥ ከገባ፣ እንደ ዜግነታችሁ ኤታስ የሚባል ክሊራንስ ከቪዛው በፊት ያስፈልጋችኋል፣ ሳምንታት ይወስዳል። ሌሎች አገሮችም ኤሮስፔስ፣ ኒውክሌር፣ ክሪፕቶግራፊ እና የመሳሰሉት ላይ ተመሳሳይ ማጣሪያ አላቸው፣ የመጀመሪያ ቀናችሁን ስትነጋገሩ ይሄንን ጊዜ አስቡበት።

ማስጠንቀቂያ፦ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ ለፖስትዶክ ቅጥር "ፕሮሰሲንግ" ብሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳታመለክቱ ኦፈር ከመጣ፣ ወይም ኢሜይሉ የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ሳይሆን ተራ የጂሜይል አድራሻ ከሆነ፣ የፓስፖርት ኮፒ ከመላካችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዛ ላይ ባለው አድራሻ አረጋግጡ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- "ውድ ፕሮፌሰር" ብሎ ስም አለመጻፍ፣ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሌላ ፕሮፌሰር ስም ሳይቀየር መላክ።
- "ማንኛውንም ርዕስ መስራት እችላለሁ" ማለት። ትህትና ይመስላል፣ የሚነበበው ግን ላባችሁን አላየሁም ተብሎ ነው።
- ሪቪው ላይ ያለ ፔፐርን እንደታተመ አድርጎ መጻፍ። በሁለት ደቂቃ ሰርች ይታወቃል፣ ከታወቀ ደግሞ የቀረው ሲቪያችሁ በሙሉ ይጠረጠራል።
- ኢሜይሉን በኤአይ አስጽፎ ሳያስተካክሉ መላክ። ፕሮፌሰሮቹ አንድ አይነት ውዳሴ በቀን ብዙ ጊዜ እያዩ ስለሆነ መጀመሪያው መስመር ላይ ነው የሚያቆሙት።
- ዴድላይኑ ቀን ላይ ሰብሚት ማድረግ፣ የዴድላይኑ ሰአት የናንተ ሰአት ሳይሆን የነሱ መሆኑን ረስቶ።

አብረው የሚመጡ ጥያቄዎች

ፒኤችዲ ሳልጨርስ ማመልከት እችላለሁ? አዎ፣ አብዛኛው ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ኮንትራቱ ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ነው የሚጠበቅባችሁ። ፌሎውሺፕ ላይ ግን ማሪ ኩሪ በዴድላይኑ ቀን ፒኤችዲው መኖር አለበት ይላል፣ ዲፌንሱን በተሳካ ሁኔታ መጨረስ ይበቃል፣ ሰርተፍኬቱ ባይወጣም።

ስንት ፔፐር ያስፈልጋል? የተወሰነ ቁጥር የለም። እናንተ የመጀመሪያ ጸሀፊ የሆናችሁበት ከላቡ ርዕስ ጋር የሚቀራረብ አንድ ጥሩ ፔፐር ስማችሁ መሀል ላይ ካለባቸው ብዙ ፔፐሮች የበለጠ ይረዳችኋል።

ፊልድ መቀየር ይቻላል? ይቻላል፣ ግን አንድ እግራችሁ የሚቆምበት ቦታ ይኑር። ወይ ዘዴውን ይዛችሁ ማቴሪያሉን ቀይሩ፣ ወይ ማቴሪያሉን ይዛችሁ ዘዴውን ቀይሩ። ሲሙሌሽን ስትሰሩ የነበራችሁ ከሆነ ኤክስፐሪመንት የሚሰራ ነገር ግን ሲሙሌሽን የሚጎድለው ግሩፕ ፈልጉ፣ መጀመሪያ ቀን ላይ የምትሰጡት ነገር አለ፣ የቀረውን ከነሱ ትማራላችሁ።